ወንድሜን በሁለት ጾም ቀበርነው

ወንድሜ የሞተ ቀን ቢሮ ነበርኩ። ሥራዬ ጅማ ከተማ ውስጥ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ ነው። ስልኬ ሲጠራ ለአንዲት እናት የልጇን ስም ፊደል እያስተካከልኩ ስለነበር ሁለቴ ዘጋሁት። በሦስተኛው አነሳሁት። ቁጥሩን አላውቀውም።

«ልጄ፣ ከየቡ ነው የምደውለው» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ወንድምሽ እኔ ግቢ ነው የሚኖረው።»

«ሐጂ?» አልኩ፤ ወንድሜ አከራዩን ሁልጊዜ በዚህ ስም ነው የሚያነሳቸው።

«አዎ። አጠገብሽ ሰው አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ነይ። አባትሽን ይዘሽ አትምጪ። አንቺ ብቻ ነይ።»

ከዚህ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ምን ብዬ እንደመለስኩ ግን እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። «እሺ፣ ይቺን ሴትዮ ጨርሼ እመጣለሁ» ነው ያልኩት። ጨረስኩም። የልጅቷን ስም አስተካክዬ፣ ማኅተም መትቼ ሰጠኋት። ሴትየዋ መርቃኝ ሄደች። ከዚያ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

እናታችን ከሞተች በኋላ ሦስት ነበርን፤ አባቴ፣ እኔና በስድስት ዓመት የምበልጠው ወንድሜ። አባቴ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው። በወጣትነቱ ከሸዋ ለሥራ ተልኮ መጥቶ ጅማ ቀረ፤ ቤታችንም ቦሳ አዲስ የሚባል ሰፈር ነው። የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው በቡና አገር እየዞረ፣ በሙስሊም ገበሬ ቤት እያደረ ነው። ኦሮምኛውን እንደ አማርኛው ይናገረዋል። ከሥጋው በቀር በእነዚያ ቤቶች ያልቀመሰው ነገር የለም። ለአረፋ የማይጠራው፣ ለፋሲካም እሱ የማይጠራው ሰው አልነበረም።

ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሲመለስ ጴንጤ ሆኖ ተመለሰ። አባቴ አልጮኸም፣ አላባረረውምም። ማዕድ ለየ። ወንድሜ የቡ ላይ የሒሳብ መምህር ሆኖ ከተቀጠረ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር። ለአባቴ አንድ ሰሃን፣ ለወንድሜ አንድ ሰሃን አቀርባለሁ። እኔ አንዱን ቅዳሜ ከአባቴ ጋር፣ ሌላውን ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር እበላለሁ። ስለ ትምህርት ቤቱም፣ ስለ ዝናቡም ያወራሉ፤ አንዳንዴ ይሳሳቃሉ። እጃቸው ብቻ አንድ ሰሃን ላይ አይገናኝም። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርን። ያኔ ነገሩ ክፉ መስሎ አይታየኝም ነበር። እንደ ወንበሩና እንደ ቁም ሣጥኑ አቀማመጥ፣ ቤታችን እንዲህ ነው ብዬ ለምጄው ነበር።

የቡ ለመሄድ ሚኒባስ በኮንትራት ያዝኩ። ከሳምንት በፊት የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ በዋዜማውም ስለደገመ የቡናው አበባ ፈንድቶ መንገዱን ግራና ቀኝ አንጥቶታል። ሽታው በመስኮት ይገባል።

«ዘንድሮ ጥሩ ይይዛል» አለ ሹፌሩ።

«አዎ» አልኩት።

ሐጂን ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን ሂና የነከሩ ሽማግሌ ናቸው። የሸሚዛቸው እጅጌ እስከ ክርናቸው ርሷል።

«ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው ጠመዝማዛ ላይ ሞተሩ አንሸራተተው» አሉኝ። «ዛፍ ነው የመታው። ወዲያው ነው ልጄ፤ አልተሰቃየም። ጭቃ ነበረበት። እንደዚያ ሆኖ እንድታዪው ስላልፈለግኩ አጥቤዋለሁ።»

ገባሁ። በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ፊቱ ብቻ ይታያል። ጸጉሩን አበጥረውለታል። ወንድሜ ወደ ግራ ነው የሚያበጥረው፤ እሳቸው ወደ ቀኝ አድርገውታል። ልነግራቸው ፈልጌ ተውኩት። ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም። የሐጂ ባለቤት ከኋላዬ መጥተው አቀፉኝ።

«አልቅሺ፣ ማሎ፣ እባክሽ አልቅሺ ልጄ» አሉ።

አልመጣልኝም። ውሃ አምጥተው አጠጡኝ። ብርጭቆውን ከጨረስኩ በኋላ ነው እሳቸው እየጾሙ እንደሆነ ያስታወስኩት። ረመዳን ነበር። እኛም ሁዳዴ ላይ ነበርን። በዚያ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ተደራርበው ነበር።

አስከሬኑን በዚያው ሚኒባስ ይዤ ጅማ ተመለስኩ። አባቴ ሲነገረው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። «ሞተር አትግዛ ብዬው ነበር» አለ።

በማግስቱ ጠዋት እድርተኛው ድንኳን ተክሎ፣ ሰሌኑን አንጥፎ፣ ሳጥኑ ሳሎን እንደገባ አባቴ የንስሐ አባታችንን አስጠራ። ከእሱም በዕድሜ የሚበልጡ ቄስ ናቸው።

«ከእናቱ አጠገብ ነው የሚቀበረው» አላቸው።

እሳቸው መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ያጠመቅኩት እኔ ነኝ» አሉ። «በእጄ ይዤዋለሁ። ነገር ግን ልጁ ራሱ ሄደ። ፍትሐት ላደርግለት አልችልም፤ ያለ ፍትሐትም የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አይቀበለውም። ይህን የምልህ ጠልቼው አይደለም ልጄ።»

ይህ ገና ሳይበርድ የወንድሜ ጉባኤ ሰዎች መጡ። መጋቢያቸው ከወንድሜ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው፤ ጥቁር ኮት ለብሷል። አባቴ ፊት በርከክ ብሎ፣ «አባት፣ ወንድማችን ነው፤ እኛ ጋ ቦታ ተዘጋጅቷል» አለው።

«ወንድማችሁ ሳይሆን በፊት ልጄ ነው!» አለ አባቴ። ድምፁ ከአጥር ውጭ ተሰማ።

ከወጣቶቹ አንዱ ከኋላ ሆኖ፣ «ሲኖር ማዕድ የለዩትን ሲሞት…» ብሎ ጀመረ። መጋቢው ዞር ብሎ ሲያየው አልጨረሰውም። ግን ተሰምቷል። የእኛ ዘመዶች ተነሱ፤ እነሱም ተነሱ። እድርተኞቹ መሐል ገቡ። እኔ ጓሮ ሆኜ ስኒ አጥብ ነበር። ሁሉንም ሰማሁት። አንዱን ስኒ ሦስት ጊዜ አጠብኩት።

ሐጂ በዚህ መሐል ደረሱ። ከየቡ አንድ አይሱዙ ሙሉ ሰው ይዘው ነው የመጡት፤ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን፣ ጎረቤቶቻቸውን፣ የትምህርት ቤቱን መምህራን። ድንኳኑ ውስጥ ያለውን ሁኔታ አይተው ማንንም አልጠየቁም። አባቴ አጠገብ ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ። አባቴ ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም። እኔ ስኒውን ይዤ በሩ ጋ ቆምኩ።

«እርስዎ ነዎት ያጠቡልኝ?» አለ አባቴ።

«እኔ ነኝ።»

«የተጠቀለለበት ጨርቅ የጤና ጣቢያ አይመስልም።»

«የእኔ ነው። ሐጅ ስሄድ ከመካ ያመጣሁት ነው።»

አባቴ ያን ጊዜ ቀና አለ። በሙስሊም አገር የኖረ ሰው ነው፤ ሽማግሌ ከመካ ነጭ ጨርቅ ይዞ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ያውቃል። «ለራስዎ መገነዣ ያስቀመጡትን?»

«ቤት ውስጥ ሌላ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አልነበረም። ለእኔ አላህ ሌላ ይሰጠኛል።»

«እሱ እኮ የእርስዎ ሃይማኖት አይደለም።»

«አይደለም» አሉ ሐጂ። «ስንቴ ተከራክረናል! እኔ አልረታሁት፣ እሱ አልረታኝ። በረመዳን ግን ሽታው ወደ እኛ ቤት ይሄዳል ብሎ ቀን ቀን ምድጃ አይለኩስም ነበር። እኔ አላልኩትም። ከራሱ ነው።»

ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እርስዎ አባቱ ነዎት። የት መቀበር ይፈልግ እንደነበር ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።»

«አውቃለሁ» አለ አባቴ።

«እንግዲያው?»

አባቴ የሐጂን ትከሻ ይዞ ተነሳ። መጋቢው ጋ ሄዶ፣ «ዝማሬያችሁን ዘምሩ» አለው። «ሳጥኑን ግን እኔም እይዛለሁ።»

የወንጌላውያኑ መቃብር ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ተዳፋት ላይ ነው። ዝናቡ አፈሩን የነካው ላይ ላዩን ስለነበር ውስጡ ለቆፋሪዎቹ እንደ ድንጋይ ሆኖ ጠበቃቸው። እድራችን ሙስሊምም ክርስቲያንም ያለበት ነው፤ ዶማውን እየተቀባበሉ ቆፈሩ። የሐጂ ልጆች ገና ከመኪና ሲወርዱ ነው ዶማ የያዙት፤ ፀሐዩ አናት ላይ ሆኖ ላባቸው በአፍንጫቸው ይንጠባጠባል፤ ውሃ አይጠጡም። ከጉባኤው አንድ ሰው የውሃ ጠርሙስ ዘርግቶ ነገሩ ሲገባው አፍሮ ከጀርባው ደበቀው። ከዚያ እሱም ሳይጠጣ ቆየ።

ዘመሩ። መጋቢው ጸለየ። ሐጂ ትንሽ ራቅ ብለው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ፤ ጸሎቱ ሲያልቅ መጥተው አፈር አለበሱ። የንስሐ አባታችን እስከ አጥሩ ድረስ መጥተው ነበር። አልገቡም። ጥላቸውን አጥፈው መንገዱ ዳር፣ ፀሐይ ላይ፣ እስክንጨርስ ቆሙ። ሰዉ እየመጣ አንዱ «እግዚአብሔር ያጽናሽ»፣ አንዱ «ጌታ ያጽናናሽ»፣ አንዱ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ይለኛል። ለሁሉም «አሜን» አልኩ። ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገብቶ እግሬን ይወጋኝ ነበር። አላወጣሁትም። እስከ ማታ ከእሱ ጋር ዋልኩ። ከቀብሩ በደንብ የማስታውሰው ያን ጠጠር ነው።

ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆየ። ሁዳዴ ስለሆነ የእኛ ሥጋ፣ የእናንተ ሥጋ የሚባል ነገር አልተነሳም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ለሁሉም። ሰዓቱ ግን ሴቶቹን አስቸገራቸው። የእኛ ሰዎች በዘጠኝ ሰዓት ይበላሉ፤ ሙስሊሞቹ መግሪብን ይጠብቃሉ፤ ጴንጤዎቹ ጾም የላቸውም። ጴንጤዎቹ «እኛ ከማታዎቹ ጋር እንበላለን» ብለው ጠበቁ። አንዲት አክስቴ ይህን ሰምታ፣ «ሳይጾሙ ጾመኛ ሆኑ» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። በእነዚያ ሦስት ቀናት በቤቱ የተሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ምሽት አዛን ሲል የየቡ ሰዎች ቴምርና ውሃ ቀምሰው፣ ውዱእ አድርገው ግቢያችን ውስጥ ለመስገድ ተሰለፉ። አቅጣጫው ጠፋቸው፤ አንዱ ወደ በሩ፣ አንዱ ወደ ማጀቱ ይላል። ከቀብር ከተመለስን ጀምሮ ከቦታው ያልተነቃነቀው አባቴ ተነሳ። ቀያሽ ነው፤ ኮምፓስ ሳይዝ ሰሜንን ያውቃል። እጁን ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል አድርጎ ዘረጋና፣ «በዚህ ነው» አላቸው። ሰሌኑን ራሱ አዙሮ አነጠፈላቸው። ተመልሶ ተቀመጠ።

በሠልስቱ የንስሐ አባታችን መጡ። ከዘመዶቻችን አንዱ፣ «ምን ሊያደርጉ መጡ አባታችን? ጸሎት የለ፣ ፍትሐት የለ» አላቸው፤ ድምፁ መራራ ነበር።

«ፍትሐት ተከለከልኩ እንጂ መቀመጥ ማን ከለከለኝ?» አሉ። እድርተኞቹ ከሐጂ ጎን ቦታ ለቀቁላቸው። ሁለቱ ስለ ምን እንዳወሩ አላውቅም። ስለ ወገብ ሕመም ይመስለኛል፤ ቄሱ ወገባቸውን ይዘው ሲያሳዩ አይቻለሁ።

ወደ ሥራ ስመለስ የወንድሜን ሞት የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ባልደረቦቼ «ተይ እኛ እንሙላው» ብለው ነበር። አይ አልኳቸው። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ሃይማኖት፣ የሞት ምክንያት። አሞላሉ ትክክል ነበር።

ፋሲካም ዒድም ካለፈ በኋላ ከአባቴ ጋር የወንድሜን ዕቃ ልናመጣ የቡ ሄድን። ክፍሉን እንዳለ ጠብቀውታል፤ ልብሱ ታጥቦ ታጥፏል። እኔ መጻሕፍቱን በካርቶን ስጨምር የሐጂ ባለቤት በረንዳው ላይ ምሳ አቀረቡ።

«ሥጋ የለበትም፤ ወጉን አውቃለሁ» አሉ አባቴን። «ይብሉ።»

አባቴ ገበታው ላይ እጁን ሳይዘረጋ፣ «ልጄ የት ነበር የሚበላው?» ብሎ ጠየቀ።

«የት ይበላል? እዚሁ ነዋ፣ ከእኛ ጋር። ከሐጂ ጋር በአንድ ትሪ።»

አባቴ እጁን ታጠበ። ጥቂት ጎረሰ። ከዚያ በኦሮምኛ፣ ለሐጂ ብቻ እንደሚያወራ፣ ዘጠኝ ዓመት ከልጁ ጋር በአንድ ሰሃን እንዳልበላ ነገራቸው። ሰዎች ነግረዋቸው እንደሆነ አላውቅም። እኔ በመስኮቱ ሆኜ ሐጂ «አይዞዎት» እስኪሉት ጠበቅኩ። አላሉትም።

«እርስዎ ደግ ነዎት» አሉ። «ልጅዎ ቤትዎ ይገባ ነበር።»

የሐጂ ባለቤት ገበታውን ትተው ተነሱና ወደ ማጀት ገቡ።

«ሴት ልጅ አለችኝ» አሉ ሐጂ። «ክርስቲያን አገባች። ካገባች አሥራ አንድ ዓመቷ። ደጄን አትርገጪ ያልኳት እኔ ነኝ። አልረገጠችም። አጋሮ ናት ይላሉ።»

«ይላሉ?»

«ይላሉ።»

አጋሮ በሚኒባስ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። ወንድሜን በእጃቸው ያጠቡት፣ ለራሳቸው ባስቀመጡት ከፈን የጠቀለሉት ሰው እኚህ ናቸው። ያን ቀን ሐጂ ትልቅ ሰው አልመሰሉኝም፤ ትንሽም አልመሰሉኝም። ከአባቴ ጋር አንድ ዓይነት ሆነው ነው የታዩኝ። ካርቶኑን አሰርኩ።

በሳምንቱ አባቴ ከዘራውን ይዞ ብቻውን አጋሮ ሄደ። የት እንደሚሄድ አልነገረኝም። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ጫማውን እያወለቀ፣ «አገኘኋት» አለኝ።

«ማንን?»

«የሐጂን ልጅ። የልብስ ሱቅ አላት። ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ ትልቁ ቁርጥ ሐጂን ነው።»

«ምን አልካት?»

«‹አባቴ ነው የላከዎት?› አለችኝ። ማንም አልላከኝም አልኳት። ልጄ ሞቶብኝ ነው የመጣሁት አልኳት።» ካልሲውን አውልቆ ለረጅም ጊዜ እጁ ላይ ያዘው። «‹ራሱ ይምጣ› አለች። እውነቷን ነው።»

አባቴ ይህንኑ በስልክ ለሐጂ ነገራቸው። ሦስት ሳምንት መልስ አልሰጡም። አባቴ በየጊዜው ስልኩን ያያል፤ እኔ ስለ እሱ አልጠይቀውም። ከዚያ አንድ ጠዋት ሐጂ በራችን ላይ ቆመው ነበር፤ ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ ጫማቸውን አስጠርገው። «ብቻዬን አልችልም» አሉ። አብረው ሄዱ። አባቴ እንደነገረኝ ሱቁ ውስጥ አልገባም፤ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀ። የልጅቷ ባል ሮጦ ወንበር ይዞ ወጣ። ሐጂ ግን አልተቀመጡም፤ ቆመው አለቀሱ። እሷ መጀመሪያ ጨርቅ መለካቷን አላቆመችም ነበር፤ በኋላ አቆመች።

ለአረፋ የቡ ተጠርተን ሄድን። ልጅቷ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ መጥታለች። እናቷ ከእጇ አልተላቀቁም፤ ከማጀት እስከ በረንዳ፣ ከበረንዳ እስከ ጓሮ ይዘዋት ይዞራሉ። ትልቁ ልጅ አባቴ ላይ ተንጠላጥሎ ከዘራውን ይጎትታል። ለእኛ ብለው ጎረቤት ካለ ክርስቲያን ቤት ያሠሩት ወጥ ለብቻ መጣ። አባቴ በላ። የሐጂ ባለቤት ደህና መሆኔን ጠየቁኝ፤ ደህና ነኝ አልኩ። እንቅልፍ እተኛለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሰው ሲሞት እመዘግባለሁ። አላለቀስኩም፤ እሳቸውም አልቅሺ ማለት ትተዋል። ከጎናቸው ተቀምጬ የሚወራውን ሰማሁ።

ስንወጣ ሐጂ እስከ መንገዱ ሸኙን።

«ባሏስ?» አላቸው አባቴ።

«ሥራ በዝቶበት ነው አለች።»

«ይመጣል።»

ሚኒባሱ ሲመጣ ሐጂ እጃቸውን አንስተው አስቆሙልን፤ አባቴን ደግፈው አስገቡት፤ በሩንም እሳቸው ዘጉት።